ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት፦ መቀመጫ ፍለጋ

ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ስላሳለፍሁት ቀን የምጽፈው የለኝም፤ እግሬ አብጦ አዲስ አበባ ገባሁ። ከመናኸሪያው ለገሃር አጠገብ ወዳለ አንድ ፔንሲዮን ያደረሰኝ ኮንትራት ታክሲ 700 ብር አስከፈለኝ፤ መንገዱ 300 እንኳ እንደማያወጣ በማግሥቱ ስሰማ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ «ጋሼ» እያለ ሲያንቆለጳጵሰኝ መቆየቱ ነበር። ሌሊቱን ስስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ ነጋ። ድሬ ላይ እኛ አንሶላ እንኳ የሚከብደን ሰዎች ነን።

የመጣሁት የአንድ ሰው ሥራ ለማየት ነው። አርቱሮ ሜዜዲሚ እ.ኤ.አ. በ1922 ጣሊያን ውስጥ ተወልዶ፣ በ18 ዓመቱ አስመራ ገብቶ፣ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ትልልቆቹን የመንግሥት ሕንፃዎች የነደፈ አርክቴክት ነው። ሃያ ዓመት በግንባታ ተቆጣጣሪነት ስሠራ ከልቤ ያልወጣ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለአገልግሎት የተሠራ ነገር መቼ ነው የሕዝብ ቦታ የሚሆነው? መለኪያዬ ቀላል ነው፤ ጉዳይ የሌለው ሰው እዚያ መቀመጥ ይችላል ወይ?

በማለዳ፣ ወደ እሱ ሕንፃዎች ከማለፌ በፊት፣ መስቀል አደባባይ ደረስሁ። በ2013 ዓ.ም. በተጠናቀቀው ዕድሳት ከሥሩ 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶለታል፤ ከላይ ግን ወጣቱም አዛውንቱም በእርከኖቹ ላይ ይሮጣል፣ ይንጠራራል፣ የደከመው ይቀመጣል። የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ላይ ይህን ያህል ሰው ማየት ደስ ያሰኛል። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን መጠጊያ ጥላ አጣሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ያደገ ሰው ይህን ሳያማርር አያልፍም።

ጥቂት ከፍ ብሎ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ሜዜዲሚ በ18 ወር አስገንብቶ በ1953 ዓ.ም. ያስመረቀው፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስተዋት ያለበት አዳራሽ ነው። ቀጠሮ ሳልይዝ መምጣቴ የራሴ ጥፋት ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አይቼው ተመለስሁ። ከሥራዎቹ ሁሉ የገነነው ይህ ቢሆንም በእኔ መለኪያ አላለፈም።

ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ መውጣት ለቆላ ሰው ቀላል አይደለም፤ ሳንባዬ ከጉልበቴ ቀድሞ ለገመ። ጎዳናው ግን ከለገሃር ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ከፊት እያሳየ ስለሚስብ፣ ሰው ቢደክመውም አይመለስም። ተፈትሼ ገባሁ። ሰው እዚህ የሚመጣው ለጉዳይ ነው፤ ፋይል ሊያስወጣ፣ ማኅተም ሊያስመታ። ሜዜዲሚ ግን በዚያው ሕንፃ ውስጥ የቴአትር አዳራሽ አደረገበት፤ ቀን ወረፋ ሲጠብቅ የዋለ ሰው በሌላ ቀን ከቤተሰቡ ጋር ቴአትር ሊያይ ይመለሳል። የቢሮ ሕንፃ ስሠራ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር በአንዱም ንድፍ ላይ አላየሁም።

ደረጃው ላይ ቁና ቁና ስተነፍስ አንድ ነጠላ የለበሱ አዛውንት ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ አደረጉልኝ።

«ቁጭ በል ልጄ፤ አገርህ ቆላ ነው መሰል።»

«ድሬዳዋ ነኝ አባቴ። እርስዎ ለጉዳይ መጥተው ነው?»

«ጉዳዬስ ከረፋዱ አልቋል» አሉና ፌስታላቸውን ፈተው ግማሽ ዳቦ ሰጡኝ። በ1966 ዓ.ም. የተጋቡት እዚሁ ማዘጋጃ ቤት እንደሆነ፣ ሙሽራዋ በተዋሰችው ጫማ ደረጃውን ስትወርድ ተረከዙ እንደተነቀለና ፎቶግራፍ አንሺው ሦስት ጊዜ እንዳስቆማቸው አጫወቱኝ። ተረከዙ የተነቀለው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ በከዘራቸው ሊያሳዩኝ ሞከሩ፤ መጀመሪያ አራተኛው ነው አሉ፣ ከዚያ ወደ አምስተኛው አዛወሩት። ባለቤታቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አልጠየቅኋቸውም። ዳቦውን ጨርሰን ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን፤ ተነሡ ያለን ግን አልነበረም።