ትከሻው ላይ የቀረችው አሸዋ

ቦረና ውስጥ የውሃ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው፣ እኔ ያኔ ረዳት ነኝ፣ ፓይፕ ሲጨመር ጥርሱን (ፓይፕ ከፓይፕ የሚጠመዘዝበትን) ማፅዳትና ግሪስ መቀባት የኔ ስራ። ፓይፖቹ እያንዳንዳቸው 6 ሜትር ናቸው፣ ጥርሳቸው ሶስት ተኩል ሬግ የሚባለው፣ በአንድ ኢንች 5 ጥርስ ያለው ሾጠጥ ያለ።

12ኛውን ፓይፕ ስናነሳ ክዳኑ ወልቆ ወንዱ ጥርስ (ሴቷ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) አሸዋ በአሸዋ ሆኗል። በጓንቴ ጠረግ ጠረግ አደረኩትና የመዳብ ዱቄት ያለውን ግሪስ ለደፍኩበት፣ ግሪስ ከበዛ ችግር የለውም ብዬ አምን ነበር። ጠበቀ ሲባል ግን ትከሻው (ጥርሱ የሚያልቅበት ጠፍጣፋ ጠርዝ) ዙሪያውን እኩል አልገጠመም፣ በአንድ በኩል ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ቀረች። አይቻታለሁ። አይቼ ነው ዝም ያልኩት፣ ምክንያቱም ሰዉ ጀሪካኑን ደርድሮ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀን ነው፣ እንደገና ፈቶ ማሰር ደሞ ጊዜ ይፈጃል ብዬ።

186 ሜትር ላይ፣ 31 ፓይፕ ገብቶ ማለት ነው፣ አየር በፓይፑ ውስጥ ወደ ታች የሚገፋው ኮምፕረሰር ጌጁ ከ17 ባር ወደ 14 ወረደ፣ ከጫፍ ላይ በአየሩ እየመታ ድንጋይ የሚሰብረው ሀመርም ድምፁ ደከመ። ምን ሆኖ ነው እያልን እያለ ማሽኑ ድንገት ቀለለው። ስናወጣ 20 ፓይፕ ብቻ መጣ፣ 11ዱ ከነሀመሩ እታች ቀረ።

ያ የ12ኛው ፓይፕ ወንድ ጥርስ አይኔ ላይ አለ። ትከሻው በአንድ በኩል መስታወት መስሎ ያበራል፣ በሌላው በኩል ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቆፍሮ ቁልቁል ወርዷል፣ በዛ መስመር ያሉት ጥርሶች ተላጭተው አልቀዋል። ጋሼ (ዋናው ድሪለራችን) ጣቱን ቦዩ ውስጥ ከቶ፣ "ልጄ፣ ጥርሱ ይይዛል እንጂ አየር አያፍንም፣ የሚያፍነው ትከሻው ነው" አለኝ። አልተቆጣም። ጥርስና ጥርስ ሲገባ ስሩ ላይ ሁሌም ቀጭን መንገድ ይቀራል፣ ትከሻ ለትከሻ ካልተሳመ አየሩ በዛች መንገድ ይወጣና ብረቱን ይበላዋል። ግሪስ ውስጥ የገባ አሸዋ ደሞ ይባስ ብሎ እንደ ሞረድ ነው። አሁን ወንዱንም ሴቷንም በሽቦ ብሩሽ፣ ከዛ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ሳልጠርግ ግሪስ አላስነካም፣ ክፍተት ካየሁ ማንም ቢቸኩል አስፈታለሁ።

የቀረውን ለማውጣት ታፕ (ፓይፑን ነክሶ የሚይዝ መሳሪያ) ይዘን 120 ሜትር ድረስ እየወረድን አራት ቀን ፈጀን። አንዲት እናት በየቀኑ እየመጡ በአስተርጓሚ "ብረቱ ወጣ?" ይሉኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁት ማለት አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ታፑ ነከሰ፣ 11ኛው ፓይፕ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል እሳቸው እልል አሉ። ውሃ ገና አልወጣም ነበር።