ነጥብ ሳይኖረው የተጀመረው ሊግ

የ1888–89 የእንግሊዝ ሊግ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ነው። 22 ጨዋታ ያለ ሽንፈት፤ 18 ድል፣ 4 አቻ፤ 74 አግብቶ የገባበት 15 ብቻ፤ 40 ነጥብ። ሁለተኛው አስቶን ቪላ 29 ላይ ቀርቷል። ኤፍ ኤ ካፑንም ማርች 30 ቀን 1889 በኬኒንግተን ኦቫል ዎልቭስን 3 ለ 0 ረትቶ ሲወስድ በውድድሩ አንድም ጎል አልተቆጠረበትም። ክብሩ ይገባዋል። እኔን ግን ያን ሰንጠረዥ በገለጥኩ ቁጥር የሚይዘኝ ግርጌው ነው።

ሊጉ የተወለደው ከቀጠሮ መፍረስ ነው። በ1885 ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል ከተፈቀደ ወዲህ ክለቦች በየሳምንቱ የሚከፍሉት ነበራቸው፤ ገቢያቸው ግን የበር ብቻ ነበር። ተጋጣሚ የዋንጫ ጨዋታ ሲደርስበት የወዳጅነቱን ቀጠሮ ይሰርዛል፣ ወይም ደካማ ቡድን ይልካል፤ ተመልካችም ይቀራል። የበርሚንግሃሙ ጨርቅ ነጋዴ፣ ስኮትላንዳዊው የአስቶን ቪላ ሰው ዊልያም ማክግሬጎር፣ ማርች 2 ቀን 1888 ለክለቦች ደብዳቤ የጻፈው ለዚህ ነበር። ኤፕሪል 17 ማንቸስተር ላይ ሊጉ ተመሠረተ። ስድስቱ ክለቦች ከላንክሻየር፣ ስድስቱ ከመካከለኛው እንግሊዝ። አሥራ ሁለት ላይ የቆመውም በቀን ጥበት ነው፤ ለሊጉ የተገኘው 22 ቀን ነበርና እያንዳንዱ ከ11 ተጋጣሚ ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ልክ ይሞላዋል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ሴፕቴምበር 8 ተደረጉ፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1880 መሆኑ ነው። ቦልተን ዳርቢን 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 6 ለ 3 ተሸነፈ። ያን ቀን አሸናፊው ስንት ነጥብ እንደሚያገኝ ግን ገና አልተወሰነም ነበር! የተወሰነው ኖቬምበር 21 ነው፤ ለድል 2፣ ለአቻ 1። ሌላው ሐሳብ ለድል ብቻ 1 ነጥብ ሰጥቶ አቻን ባዶ የሚያስቀር ነበር።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አክሪንግተን 6 ድልና 8 አቻ ይዞ በ20 ነጥብ ሰባተኛ ሆነ። በርንሌይ በ7 ድልና በ3 አቻ 17 አግኝቶ ዘጠነኛ። የመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች ደግሞ ለመቆየት የሌሎቹን ድምፅ መለመን ነበረባቸው። ድል ብቻ ቢቆጠር ኖሮ አክሪንግተን አሥረኛ ወርዶ ለልመና ይቆም፣ በርንሌይ ይተርፍ ነበር። በኅዳር ስብሰባ የተወሰነው ይህን ያህል ዕጣ ያዞራል።

ነጥብ እኩል ሲሆንስ? ዛሬ የጎል ክፍያ የምንለው በተግባር መቀነስ ነው፤ ያኔ ግን እውነተኛ ማካፈል ነበር፤ ያገባኸው ለገባብህ ይካፈላል። ኖትስ ካውንቲ 40 አግብቶ 73 ገባበት፤ 0.548። ስቶክ 26 አግብቶ 51 ገባበት፤ 0.510። ሁለቱም 12 ነጥብ ስላላቸው ስቶክ መጨረሻ ተቀመጠ። በዛሬው ስሌት ግን የስቶክ ዕዳ 25፣ የኖትስ 33 ስለሆነ ቦታ ይቀያየሩ ነበር። ማካፈል በጥንቃቄ የሚከላከለውን ጎድቶ ብዙ አግብቶ ብዙ የሚገባበትን ሊጠቅም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ስቶክ ያን ዓመት ያልደረሰበት የለም። ኦክቶበር 6 ፕሬስተን ሜዳ የደረሰው ሁለት ሰው ጎድሎት ነው። ተቀያሪ የሚባል ስላልነበረ ፕሬስተን ሁለት ተጠባባቂዎቹን አበደረው፤ 7 ለ 0 አለቀ፣ አራቱን ጂሚ ሮስ አገባ።

ውጤቶቹን ስናነብ ሜዳውንም ማሰብ ያስፈልጋል። መረብ የለም፤ ኳሷ በቋሚዎቹ መካከል ማለፍ አለማለፏ ያከራክራል። ፍጹም ቅጣት ምትም የለም፤ ሁለቱም የመጡት በ1891 ነው። በረኛው በራሱ የሜዳ አጋማሽ ሁሉ ኳስ በእጁ መንካት ይችላል፣ በትከሻ መገፋቱም የተፈቀደ ነው። ሜዳ ውስጥ ሁለት ዳኞች አሉ፤ ተጫዋች አቤት ካላለ አይፈርዱም፣ ካልተስማሙ ከመስመር ውጪ የቆመው ሦስተኛው ይለያል። ስለዚህ ቶሎና በአንድ ድምፅ አቤት ማለት ራሱ የቡድን ሥራ ነበር።

በመጨረሻ ስቶክ፣ በርንሌይ፣ ዳርቢና ኖትስ ካውንቲ አራቱም ድምፅ አግኝተው ቆዩ። ስቶክ በሚቀጥለው ዓመትም መጨረሻ ወጣ፤ ያኔ ድምፅ ተነፈገውና ቦታውን ሰንደርላንድ ወሰደው።