«ሄድ አለ?»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ አሁንም ሌሊት እየተገላበጥኩ ለአንድ የባቡር ጡረተኛ መልስ እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ጥርሴን ስፍቅ ጥሩ ጥሩው ይመጣልኛል። ትናንት ባጃጅ ውስጥ አንድ ድንቅ መልስ መጥቶልኝ ሳላስበው ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ሹፌሩ ዞሮ «ምን አልከኝ አቦ?» አለ። አንተን አይደለም ወንድሜ፣ ንዳ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ጋሼ የምለው የእናቴ የአክስት ልጅ አለ፤ ሥራው የውጭ አገር አዳኞችን ይዞ ተራራ መውጣት ነው፣ ፈቃዱም ኮታውም ያለው ሕጋዊው አደን። «ማሙሽ» አለኝ (36 ዓመቴ ነው)። «አንተ የትራይፖድ ሰው አይደለህ? እንግዳ ይዤ ከጭሮ በላይ ልወጣ ነው። የትራይፖዴ ጭንቅላት ተሰበረብኝ። እዚያ ድሬ ቀለል ያለ ፈልግልኝ፤ አቅራቢ መነጽሩ የሚቀመጥበት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ጠመንጃው የሚያርፍበት። አንተም ትመጣለህ፣ ቪዲዮ ትቀርጽልናለህ።»

የትራይፖድ ሰው! ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ ማለቱ ነው። ሠርግ ስቀርጽ አሥር ዓመቴ ነው፤ ስለ ትራይፖድ በእርግጠኝነት የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሠርግ ታዳሚ ባዶ ትራይፖድ አይቶ አያልፍም። ካሜራዬን ነቅዬ ባትሪ ልቀይር ዞር ስል የሙሽራዋ አክስት ቦርሳዋን ሰቅላበታለች። ሳቢያን አንድ ሠርግ ላይ ኮት፣ ጃንጥላና አንድ ፌስታል ሙሉ የሚዜ ጫማ ተንጠልጥሎበት አግኝቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ችዬ ሂሳቤን ልቀበል ስሄድ ምን ይሉኛል? «ድሮን የለህም እንዴ?» የለኝም! ድሮን ቢኖረኝ ኖሮ ቦርሳችሁን የት ትሰቅሉት ነበር?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጋሼ የጠየቀኝ ሁለት ጠባይ በአንድ አንገት ላይ ነው። መነጽር እንደ ሙሽራ ነው፣ በዝግታ ዞር ዞር ማለት ይፈልጋል። ጠመንጃ እንደ አማት ነው፣ አንዴ ከተቀመጠ ንቅንቅ የለም። ለመነጽሩ የሚስማማው ፍሉይድ ሄድ የሚባለው ጭንቅላት ነው፤ ውስጡ ያለው ወፍራም ቅባት እንቅስቃሴውን ያለሰልሰዋል። አሥር እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር የእጅህንም መንቀጥቀጥ አሥር እጥፍ አድርጎ ያሳይሃል፤ ከበርጫ በኋላ ከሆነማ ተወው። ለጠመንጃው ግን ቦል ሄድ ይሻላል፤ አንድ ኳስ ነው፣ ትልቁን ብሎን ስታጠብቀው ባዘነበልክበት ቦታ ይደርቃል። የኔ የሠርጉ ፍሉይድ ሄድ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው፤ እሱን ይዞ ደጋ መውጣት ድንኳን ተከራይቶ እንደመውጣት ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ ቦል ሄድ እገዛለሁ አልኩ፤ ለመነጽሩ ኳሱን ትንሽ ላላ፣ ለጠመንጃው ጥብቅ። በወሬ ደረጃ አሪፍ ሐሳብ ነበር።

ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ድሬ ልትተኛ ነው፣ ግማሹ ሱቅ መዝጊያውን አውርዷል። እኛ ቀራጮች መቼም «ጭንቅላት» አንልም፣ «ሄድ» ነው የምንለው። በር ላይ ለቆመው ልጅ፦

«ሄድ አለ?»

«አዎ፣ ሄድ አለ። አሁን ይመጣል፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

እዚህ ጋ ነው ራሴን በጥፊ የምመታው። ተቀመጥኩ! ዕቃው መጋዘን ነው፣ ሰው ልከው ሊያስመጡልኝ ነው ብዬ፣ የፕላስቲክ ኩርሲ ስቤ፣ ከአንድ ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌ አጠገብ። የባቡር ጡረተኛ መሆኑን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ድሮ ከጅቡቲ ጋር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እያወራኝ ጫቱን ይቀነጥሳል። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ልጁ ውሃ ሰጠኝ። «ቆየ እኮ» አልኩት። «አይቆይም፣ ጫት ሊገዛ ነው» አለኝ። ዕቃውን ሊያመጣ የሄደው ሰው መንገዱን በጫት ተራ አድርጎት ነው ብዬ አሰብኩ። ድሬ ላይ ይሄ ምን ይገርማል?

ጭራሽ ደግሞ ጠየቅሁት። «ለመሆኑ ቀለል ያለ ነው?»

«እሱ? በጣም! ከሁሉም ጋር ይግባባል።»

ከሁሉም ዓይነት ትራይፖድ ጋር ይገጥማል ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ደስ አለኝ። የብሎኑ ልክ ሲያሳስበኝ ነበር የመጣሁት።

አርባ ደቂቃ ሲሆን ባለሱቁ ጫቱን በብብቱ ሸጉጦ ከች አለ። እጁ ላይ ሌላ ነገር የለም። ልጁ «ይኸው መጣ» አለኝ። እኔ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየሁት።

«ምን ልታዘዝ ወንድሜ?»

«ሄድ ነዋ!»

«ማን ሄደ?»

ያኔ ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ሰው ሲደነግጥ አማርኛው ይጠራል መሰለኝ ሱቁ እስኪሰማ ጮክ ብዬ «ጭንቅላት! እኔ የምፈልገው ቀለል ያለ ጭንቅላት ነው!» አልኩ።

ጸጥ አለ። ቬንትሌተሩ ብቻ ይሽከረከራል። ሽማግሌው ጫቱን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ፣ በሀዘኔታ አየኝና፦

«ልጄ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ይዘኸው ተቀምጠህ የለም እንዴ?»

ልጁ የስፒከር ካርቶን ላይ ወደቀ። ባለሱቁ ለጨዋነቱ ሲል ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ከጎን ካለው ሱቅ ሁለት ሰው «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያሉ መጡ፤ ተነገራቸው፤ እንደገና ተሳቀ።

አፍሮ የሚገዛ ሰው አይከራከርም። አላገላበጥኩም፣ አልሞከርኩም፣ ዋጋ አልቀነስኩም። መጀመሪያ የሰጠኝን ካርቶን ይዤ ወጣሁ። ካርቶኑ «390 ግራም» ይላል። «15 ኪሎ ይሸከማል» ይላል። ከዚራ ጥላው ስር ስደርስ የመጀመሪያው መልስ መጣልኝ፤ «አባባ፣ የርስዎንም ቢያውሱኝ አይከብደኝም» የሚል። አሁን ሳስበው እሱም አይረባም።

ዕቃው ግን በእጄ ስይዘው ከበደኝ። 390 ግራም ስንት እንደሚከብድ የማውቅ ሰው ባልሆንም፣ ይሄ አይደለም። ማታ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ለአንዲት ቲማቲም ሻጭ «እናቴ፣ ይችን መዝኚልኝ» አልኳት። አገላብጣ አየቻት፣ አሸተተቻት። «ይበላል?» አለችኝ። አይበላም። በአንዱ ሳህን እሷን አስቀመጠች፣ በሌላው የግማሽ ኪሎውን የሚዛን ድንጋይ። ዕቃዋ ዝቅ እንዳለች ቀረች። እኔ ደግሞ አላምን አልኩ። ሴትዮዋ ትንሽ ድንጋይ ስላልነበራት በድንጋዩ በኩል አንድ ቲማቲም ጨመረች። ሁለተኛ ጨመረች። ባጃጅ ሾፌሮች ቆሙ። አንዱ «ሦስት ይገባል» አለ፣ ሌላው «ሁለት ተኩል ነው» ብሎ ተወራረደ። አንድ ቲማቲም ለሁለት ተሰነጠቀ። ሳህኖቹ ሲስተካከሉ ጭብጨባ ነበር፣ አላጋነንኩም፣ ጭብጨባ! ቀለል ያለው ጭንቅላቴ ግማሽ ኪሎ ከሁለት ቲማቲም ተኩል ሆነ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከላይ ዕቃ የሚይዘውን መንከሻና የሚገጠምበትን ጠፍጣፋ ብረት እንደማይጨምር ያወቅኩት በኋላ፣ ከታች በደቃቅ ከተጻፈው ነው። የተሰነጠቀ ቲማቲም ማን ይገዛኛል ስላለች ኪሎ ቲማቲም ገዝቼ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ክብደት የማስበው በቲማቲም ነው። መነጽሩ ስምንት ቲማቲም ይሆናል። ካሜራዬን አልነግራችሁም።

ደንገጎን ወጥተን፣ ቁልቢን ስናልፍ በልቤ ጃንጥላ ተሳልኩ። ብቻ አታዋርደኝ ገብርኤል፣ አልኩ። ሂርና ምሳ በላን፣ ከጭሮ ወዲያ ያለውን እንዝለለው፤ ዳገት ነው፣ እኔ አለከልክ ነበር።

ድሬ እኮ ታኅሣሥም ካናቴራ ነው። እዚያ ላይ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጣቴ የኔ አልመስል አለኝ። ጋሼ መነጽሩን የትራይፖዱ ጭንቅላት ላይ አስሮ ማዶውን ሲያስስ ቆየ፤ ግማሽ ሰዓት ያለ ቃል። ኳሱን ላላ አድርጌለት ስለነበር ይዞር ነበር፣ እንዲያውም «ጥሩ ነው ማሙሽ» አለኝ። ያ ቀን የሰማሁት ጥሩ ነገር እሱ ብቻ ነው። ከዚያ እጁን ወደኋላ ዘረጋ፣ ዝም በሉ።

አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሟል። የደጋ አጋዘን። አስር ሳንቲም ላይ ያለው፣ ያው እሱ፤ ልጅ ሆነን ከረሜላ የገዛንበት። ሽበት ያወጣ ወንድ፣ ቀንዱ ወደ ላይ የተጠማዘዘ፣ አንገቱ ስር ነጭ። ይሄ እንስሳ ከሳይንስ ዓለም ተደብቆ እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ድረስ ስም እንኳን ሳይወጣለት የኖረ ነው፤ ለኔ ግን ፊት ለፊት ቆመልኝ። ጋሼ መነጽሩን ነቅሎ «ጠመንጃ» አለ በከንፈሩ።

እዚህ ላይ ሥራው የኔ ነው። እንግዳው ከጠመንጃው ስር ያለውን ሐዲድ መንከሻው ውስጥ አስገባ፣ እኔ ማጥበቅ። ቦል ሄዱ ሦስት ብሎን አለው፦ ትልቁ ኳሱን የሚይዝ፣ ትንሹ ጥንካሬውን የሚመጥን፣ ከታች ያለው ደግሞ ማዞሪያውን ብቻ የሚያቆም። በደነዘዘ ጣቴ አንዱን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅሁት። ጥርሴን ነክሼ አጠበቅሁት። ለእንግዳው አውራ ጣቴን አሳየሁት። ሰውየው አምኖኝ እጁን ለቀቀ።

የታችኛውን ነበር ያጠበቅሁት።

ጠመንጃው በክብር፣ ቀስ ብሎ፣ ንጉሥ ፊት እንደቀረበ ባላባት እጅ ነሳ። አንገቱን ደፋ፣ ደፋ፣ ደፋና አፈሙዙ የትራይፖዱን እግር «ቃ!» አደረገው። ደግነቱ ጥይት አልጎረሰም። 15 ኪሎ ይሸከማል የተባለውስ? ይሸከማል፤ የሚሸከመውን ብሎን ካጠበቅህለት።

ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የቤተክርስቲያን ቃጭል እንዲህ አይሰማም። እንግዳው ጠመንጃውን አየ፣ እኔን አየ፣ አውራ ጣቴን አየ። ጣቴ አሁንም እንደቆመ ነበር፣ ማውረዱን ረስቼዋለሁ። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ።

ፋና የሚከተልልን የአገሩ ልጅ፣ ያለ ምንም መነጽር ባዶ ዓይኑን ወደ ማዶ ጥሎ ቆሟል። ከጋሼ ጋር እስከዚያ በኦሮምኛ ሲያወሩ ነበር። አሁን ግን ወደኔ ዞሮ፣ ለኔ እንዲገባኝ ብሎ በአማርኛ፣ በትሕትና፦

«ሄድ አለ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ልቆጣጠረው አልቻልኩም፣ ተንበርክኬ ጋቢዬን ነክሼ ሳቅሁ። አጋዘኑን ያባረረው ሰው ሲስቅ እንዴት እንደሚታይ እናንተ ገምቱት። እንግዳው ጋሼን ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀው፤ ጋሼ ከፍታው ነው አለው። ከዚያ በኋላ ልጁ ሦስት እንጨት ቆርጦ አናታቸውን በጎማ ላስቲክ አስሮ አመጣ፤ የቀሩትን ሁለት ቀናት ጠመንጃው ያረፈው እሱ ላይ ነው። ክብደቱን ልመዝነው አልደፈርኩም። እኔ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ማታ ሰላጣ ከኔው ቲማቲም ተሠራ።

ትናንት ዕቃውን ላስለውጥ ታይዋን ሄድኩ። ሆን ብዬ የምለውን ከቤት አጥንቼ ነው የወጣሁት፤ «ሄድ» የምትባል ቃል አትኖርም፣ «ጭንቅላት» አትኖርም። ልጁ በሩ ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ያንኑ ኩርሲ ላይ።

«ባለሱቁ አለ?» አልኩት።

«ሄድ አለ» አለኝ ልጁ ከንፈሩን ነክሶ። «ተቀመጥ።»

የት እሄዳለሁ? ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ጭኔ ላይ ያለውን ካርቶን ለረጅም ጊዜ አየው፣ አንድ ቅጠል ቀነጠሰ፣ ጉንጩን አስተካከለ።

«ምነው ልጄ፣ ከበደህ እንዴ?»