አማት ደጅ ስትቆም

ዛሬ ሚስቱ ሞታበት ከሰው ተገልሎ ስለሚኖር ወጣትና ስለ ክፉ አማቶቹ የተጻፈ የሙት መንፈስ ልብ ወለድ ረቂቅ ሳነብ ዋልኩ። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚገድለው መንፈሱ ቶሎ መታየቱ ነው። መጀመሪያ የሰውየውን ልማድ አስለምዱን፦ በሩን ሁለቴ ይቆልፋል፣ የሚያጥበው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው። ከዚያ እዚያ ቤት ገብታ የማታውቀው አማቱ፣ ማንንም ሳትጠይቅ የሟቿን ብርጭቆ ከተደበቀበት ታውጣ። አንባቢ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው፤ ደም አያስፈልግም!

አማቶቹም ጨዋ ይሁኑ። ተሳዳቢ በር ይዘጋበታል፤ «ልጄ፣ ምነው ከሳህ?» የምትል እናት ግን ትገባለች።

ቤቱን ጥሎ የማይሄድበት ምክንያት ደግሞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይታወቅ። አለዚያ አንባቢው «ለምን አይወጣም?» እያለ ፍርሃቱን ይረሳዋል።