የካቲት በስፔን፦ የባሕር ጃርትና የጥይት ቀዳዳ

ፓላፍሩጄል ባቡር አይገባም። ከባርሴሎና በአውቶቡስ ነው የሄድኩት፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ። ኮስታ ብራቫ በሚባለው የካታሎንያ ጠረፍ ያለች ከተማ ናት። ሙቀቱ ሲመጣ ቱሪስት ያጥለቀልቃታል፤ በብርዱ ወራት ግን ጭር ትላለች። እኔን የሳበኝ ይኸው የብርዱ ወቅት ነው። ከጥር እስከ መጋቢት እዚህ «ጋሮይናዳ» የሚሉት ድግስ አለ። ጋሮይና በአካባቢው ካታላንኛ የባሕር ጃርት ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ካሌያ ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ወረድኩ። ባሕሩ ረግቷል። ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ወደ ውሃው ሳይ፣ ጃርቶቹ እያንዳንዳቸው በየጉድጓዳቸው ቁጭ ብለዋል። አለቱ ከድሮም የተቦረቦረ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ «የለም፣ ራሳቸው ናቸው የቆፈሩት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ይህ ሐምራዊ ጃርት በአምስት ጥርሶቹና በእሾሁ አለቱን እየፋቀ ልኩን ቤት ይሠራል። ማዕበል ሲመጣ እዚያው ተጣብቆ ያሳልፋል። በእሾሆቹ መሃል እንደ ክር የቀጠኑ፣ ጫፋቸው የሚለጠፍ እግሮች አሉት። በጣቴ ነካ ሳደርገው እሾሆቹን ወደ ጣቴ አዞረ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ምን ያህል ዘመን ቢፋቅ ነው ድንጋይ እንዲህ የሚጎደጉደው? ረጅም ሰዓት አየሁት።

ሽማግሌው «ጥቁሩ ወንድ ነው፣ አይበላም፤ የሚበላው ሴቷ ናት» ብለውኝ ነበር። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ጥቁሩና ሐምራዊው ለየቅል ዝርያዎች ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ወንድም ሴትም አለ። አልተከራከርኳቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባሕሩ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው።

ወደ ማድሪድ እንደምሄድ ስነግራቸው ግን መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ፓርላማው ከገባህ ወደ ጣሪያው ቀና በል» አሉኝ። መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረበት ሌሊት ባሕር አልወጡም። ራዲዮ ሥር ቁጭ ብለው ነው ያነጉት።

ምሳ ላይ አንድ ደርዘን ጃርት ቀረበልኝ። አስተናጋጇ በመቀስ በአፉ በኩል ዙሪያውን ቆርጣ ከፈተችው። ውስጡ አምስት ብርቱካናማ ዘለላዎች እንደ ኮከብ ተዘርግተዋል። ሰው እንቁላል ይለዋል፤ የወንዱም የሴቷም የመራቢያ እጢ ነው። በብርዱ ወራት ስለሚሞላ ነው ወቅቱ አሁን የሆነው። ጥሬውን በማንኪያ እየጠረጉ በዳቦ ይበሉታል። መጀመሪያ ጨው ጨው ይላል፣ ቀጥሎ እንደ አስኳል ምላስ ላይ ይሟሟል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ደርዘኑን ጨረስኩት። ተቆርጦ የቀረው ክዳን ላይ አምስቱ ጥርሶች ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል። ፈላስፋው አሪስቶትል ከፋኖስ ጋር ስላመሳሰለው፣ ይህ አፍ ዛሬም «የአሪስቶትል ፋኖስ» ይባላል።

ማድሪድ በፈጣኑ ባቡር ገባሁ። የፓርላማው ደጃፍ ላይ ሁለት የነሐስ አንበሶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1860 ከሞሮኮ ጦርነት ከተማረኩ መድፎች የተቀረጹ ናቸው። ፓስፖርቴን አሳይቼ ገባሁ። አዳራሹ ከጠበቅኩት ያንሳል። ቀና አልኩ። ቀዳዳዎቹ እዚያው ናቸው።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1981 (በእኛ የካቲት 16 ቀን 1973)፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። አምባገነኑ ፍራንኮ ከሞተ ገና ስድስተኛው ዓመት ነው። የምክር ቤት አባላት ስማቸው እየተጠራ፣ ካልቮ ሶቴሎን ጠቅላይ ሚኒስትር ለማድረግ ድምፅ እየሰጡ ነበር። ሌተና ኮሎኔል አንቶንዮ ቴሄሮ ሽጉጡን ይዞ ገባ። ወደ 200 የሚጠጉ የጓርዲያ ሲቪል (በወታደር ደንብ የሚመራ ፖሊስ) አባላት አብረውት ነበሩ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1978ም ሲያሴር ተይዞ፣ በቀላል ቅጣት ታልፎ ወደ ሥራው የተመለሰ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የ68 ዓመቱ ጄኔራል ጉቲዬሬዝ ሜያዶ፣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ከወንበራቸው ተነስተው ታጣቂዎቹን «መሣሪያ አስቀምጡ» ብለው ተጋፈጧቸው። ቴሄሮ ጠልፎ ሊጥላቸው ሞከረ፤ አልወደቁም። ጥይት ወደ ጣሪያው ተተኮሰ። ሁሉም ከወንበሩ ሥር ገባ፣ ከጥቂቶች በቀር። ተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ስዋሬዝ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። የኮሚኒስቶቹ መሪ ካሪዮም እንዲሁ። ጄኔራሉ እንደቆሙ ነበሩ። ካሜራው ባለመጥፋቱ ይህን ሁሉ ዛሬም ማየት ይቻላል።

ቫሌንሲያ ላይ ጄኔራል ሚላንስ ዴል ቦሽ ታንክ ጎዳና አወጣ። ሌሎቹ የጦር አዛዦች ግን አልተከተሉትም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ገደማ ንጉሥ ኹዋን ካርሎስ የወታደር ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ሕገ መንግሥቱን እንደሚያስከብሩ ተናገሩ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነገሩ አለቀ። ቴሄሮና ሚላንስ 30፣ 30 ዓመት ተፈረደባቸው።

ቀዳዳዎቹን ሆን ብለው ነው ያልደፈኗቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጥገና የገቡ ሠራተኞች ጥቂቶቹን በስህተት ሲደፍኗቸው አገሩ ተቆጥቶ ነበር። ለምን እንደተቆጡ እዚያ ቆሜ ገባኝ። ዙሪያው በወርቅ ያጌጠ፣ በሥዕል የተዋበ ጣሪያ ነው፤ ዓይን ግን የሚሄደው ወደ ቀዳዳዎቹ ነው።

አጠገቤ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ አስጎብኚዋ ወደሚቀጥለው ክፍል ጠራችን። ሰዉ ወጣ። ሴትዮዋ ጣታቸውን አላወረዱም። ከመጀመሪያው ጀመሩ።