ሽምብራ ቁሬና ቪየና በአንድ ገጽ

ከ1450 እስከ 1750 ያለውን የዓለም ታሪክ በግሌ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ «እንዴት ይዘኸዋል?» የምትሉኝ ስለበዛችሁ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱን አቆጣጠር ማደባለቅ ራስ ያዞራል።

ዘዴዬ ቀላል ነው። በደብተሬ ላይ ለአሥር ዓመት አንድ ገጽ እሰጣለሁ። ገጹን በአራት እከፍለዋለሁ፦ ኢትዮጵያ፣ ቀይ ባሕር፣ ህንድ፣ አውሮፓ። መጻሕፍቱ አንዱን አገር ከሌላው ነጥለው ስለሚተርኩ፣ ጎን ለጎን ማስቀመጡ የአንባቢው ሥራ ነው። ከኮዬ ፈጬ መሀል ከተማ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላዋል። ስለዚህ ባስ ላይ ወንበር ከተገኘ በስልኬ አነባለሁ፤ ማታ ደብተሩ ላይ አሰፍራለሁ።

እስካሁን ካሉት ሁሉ የገረመኝ የ1520ዎቹ ገጽ ነው። በ1526 ህንድን የገዛው የሙጋሎች ሥርወ መንግሥት መሥራች ባቡር፣ ከዴልሂ በስተሰሜን ባለችው ፓኒፓት ላይ በመድፍና በጠመንጃ ታግዞ የዴልሂን ሱልጣን አሸነፈ። በዚያው ዓመት የኦቶማን ቱርኮች ሱልጣን ሱሌይማን ሞሃች በምትባል የሃንጋሪ ከተማ አጠገብ የሃንጋሪን ጦር ደመሰሰ። በ1529 ኢማም አሕመድ ሽምብራ ቁሬ ላይ ዐፄ ልብነ ድንግልን ድል አደረጉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሱሌይማን ቪየናን ከበበ። ሽምብራ ቁሬ ደግሞ ለኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ወደ ሞጆ የሚወርድ ሰው ወደዚያው አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

ነገሩ እንዲያው መገጣጠም ብቻ አይደለም። ኦቶማኖች በ1517 ግብፅን ሲይዙ ቀይ ባሕር ደጃቸው ሆነ። ፖርቹጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 የህንድ ወደብ ካሊከት ከደረሰ በኋላ ደግሞ ፖርቹጋሎች በህንድ ውቅያኖስ በኩል መጡ። የቅመም ንግዱ በቀይ ባሕር እንዳያልፍ መዝጋት ፈለጉ። የሁለቱ ፉክክር ውሎ አድሮ እኛ ተራራ ላይ ወጣ። በ1541 የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቫኦ 400 ባለጠመንጃ ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ዘለቀ። ኢማሙም ከየመን የኦቶማን ባለጠመንጃዎች አስመጡ። ክሪስቶቫኦ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ ኢማሙ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። የአገር ውስጡ ምክንያት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እሱ ዋናው ነው። ግን ትምህርት ቤት የተማርነው ጦርነት በዚህ ካርታ ላይ ሲታይ ይሰፋል።

በሌላ ገጽ ላይ ማሊክ አምባር አለ። እኔ የምወደው እሱን ነው። በ1548 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ በልጅነቱ ተሸጦ በባግዳድ በኩል ህንድ ደረሰ። እዚያ የገዛው የአሕመድናጋር (በህንድ የነበረ ሱልጣኔት) ዋና ሹም ራሱ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣ፣ የራሱን ጦር አደራጀ፣ በመጨረሻም የአሕመድናጋር እንደራሴ ሆነ። የሙጋሎችን ግዙፍ ጦር በደፈጣ ውጊያ ለዓመታት አስቸገረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጃሃንጊር በእጁ ሊያስገባው ስላልቻለ፣ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ሥዕሉን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ጃሃንጊር የቆመው የምድር ሉል ላይ ነው።

አምባር በ1610 ኪርኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ በኋላ አውራንጋባድ ተባለች። ከመሬት በታች የውሃ መስመር ዘረጋላት፤ መስመሩም ለዘመናት አገለገለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጄሪካን ተደርድሮ በሚያድርበት ሰፈር ተቀምጦ ይህን ማንበብ ልብ ይነካል። ይህን ሰው ልጆቻችን በስሙ ሊያውቁት ይገባል።

አሁን የያዝኩት የብሩን መንገድ ነው። በ1545 በዛሬዋ ቦሊቪያ ፖቶሲ ላይ የብር ተራራ ተገኘ። ስፔኖች በ1571 ፊሊፒንስ ያለችውን ማኒላን ከያዙ በኋላ የአሜሪካው ብር በፓስፊክ ተሻግሮ ቻይና መግባት ጀመረ። እኔ መድረስ የምፈልገው እኛ አገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን እንገበያይባት ወደነበረችው ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ወዳለባት የብር ገንዘብ ነው። አያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ ካለች አውጥታችሁ ዓመቷን ተመልከቱ፤ 1780 የሚል ታገኛላችሁ። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለውጭ ንግድ የተመታውም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ።