የሶንድሃይምን ዘፈኖች በጃዝ ለመስማት ጆሮዬን እያዘጋጀሁ ነው

ኒውዮርክ ያላችሁ የቴአትር ወዳጆች ወሬውን ሳትሰሙት አትቀሩም። ከኖቬምበር 13 እስከ 17፣ 2013 በሲቲ ሴንተር ቴአትር ቤት የሙዚቃዊ ቴአትር ዘፈን ደራሲው የስቲቨን ሶንድሃይም ዘፈኖች በጃዝ ሊቀርቡ ነው። (ይህን የጻፍኩት በ2013፣ ከኮንሰርቱ በፊት ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ትራምፔት ተጫዋቹ ዊንተን ማርሳሊስ የጃዝ አት ሊንከን ሴንተር ኦርኬስትራን ይዞ ይመጣል። በርናዴት ፒተርስ፣ ኖርም ልዊስ፣ ጄረሚ ጆርዳንና ሲሪል ኤሜ ይዘፍናሉ። አዘጋጁ ጆን ዶይል ነው። ርዕሱ ‹ኤ ቤድ ኤንድ ኤ ቼር› ይላል። ‹ፎሊስ› በተባለው የሶንድሃይም ሙዚቃዊ ቴአትር ውስጥ የተዋናይነት ዕድል ፍለጋ ስለምትንከራተት ወጣት ከሚያወራው ዘፈን የተወሰደ ሐረግ ነው።

እኔ የቴአትር ሰው ነኝ። ጃዝ ግን ሩቄ ነበር። ሳክስፎኑ ዜማውን ትቶ ብቻውን ሲወጣ፣ የት እንደደረስን ይጠፋብኝ ነበር። ይህ ምሽት እንዲያ እንዲያልፈኝ አልፈልግም። ስለዚህ ከቲኬቱ ጋር አብሬ ልምምድ ጀመርኩ። እስካሁን የሠራሁትንና የጠቀመኝን ላካፍላችሁ። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ጣትና ትዕግሥት ይበቃል።

በመጀመሪያ፣ ይሄ ዝግጅት ለምን እንዲህ እንዳጓጓን ልበል። ሲቲ ሴንተር ከ1994 ጀምሮ ‹ኢንኮርስ› የሚባል ተከታታይ ዝግጅት አለው። የቆዩ ሙዚቃዊ ቴአትሮችን በኮንሰርት መልክ ያቀርባል። ኦርኬስትራው እንደተለመደው ከመድረኩ ፊት ባለው ጉድጓድ ውስጥ አይደበቅም፤ መድረኩ ላይ ይቀመጣል። የመድረክ ግንባታው ጥቂት ነው፣ የልምምዱ ጊዜም አጭር። በ1996 እዚሁ የቀረበው ‹ቺካጎ› የተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ትልልቅ ቴአትሮች ወዳሉበት ብሮድዌይ ገብቶ እስካሁን አልወረደም። የኢንኮርስ ትልቁ ስሙ ግን ለመጀመሪያው የሙዚቃ ቅንብር ታማኝ መሆኑ ነው። ቫዮሊኑ በጥንቱ ቦታው፣ ትራምፔቱም በጥንቱ ቦታው። አሁን ያው ቤት ዘፈኖቹን ለጃዝ ባንድ አስረክቦ እንደ አዲስ አስቀንብሯል። አንዳንድ ጓደኞቼ ‹ግጥሙን ይውጡብናል› ብለው ተጨንቀዋል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። የሶንድሃይም አንድ ቃል ካመለጠህ፣ ገጸ ባሕርይው ያመልጥሃል።

ልምምዱን የጀመርኩት በቆጠራ ነው። ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ የተጻፉ እጅግ ብዙ የብሮድዌይ ዘፈኖች አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። አዝማቹ 32 ባር ነው፤ ባር ማለት እኩል የሚቆጠሩ ጥቂት ምቶች አንድ ላይ ማለት ነው። በስምንት ስምንት ይከፈላል። የመጀመሪያው ስምንት ዜማውን ያስተዋውቃል፤ ሁለተኛው ይደግመዋል። ሦስተኛው ሌላ ዜማ ይዞ ይመጣል፤ ሙዚቀኞች ብሪጅ ይሉታል። አራተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ የጃዝ ሙዚቀኛ ሶሎ (ብቻውን እየፈጠረ የሚጫወትበት ቦታ) ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቅርጽ አይጥለውም። ዜማውን ቢለቅም የኮርዱን (ከዜማው ሥር አብረው የሚሰሙ ድምፆችን) ቅደም ተከተልና ርዝመቱን ይጠብቃል። 32ቱ ሲያልቅ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። ይህን ሳውቅ ጭጋጉ ተገፈፈልኝ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዘፈኑን ከነግጥሙ፣ ከቴአትሩ ቅጂ፣ በቃሌ እስክይዘው እሰማለሁ። ከዚያ የጃዝ ቅጂውን እከፍታለሁ። ሶሎው ሲጀመር ዋናውን ዜማ ከንፈሬን ገጥሜ አንጎራጉራለሁ፤ በጣቴ ስምንት ስምንቱን እቆጥራለሁ። እኔና ባንዱ እኩል ብሪጁ ላይ ከደረስን፣ ገብቶኛል ማለት ነው። ኮርዱ ሲቀየር ሆድ ውስጥ የሚሰማ ነገር አለ። ያንን መጠበቅ መልመድ ነው።

የመጀመሪያው መለማመጃዬ የጆርጅ ገርሽዊን ‹አይ ጋት ሪትም› ነበር። በ1930 ‹ገርል ክሬዚ› በተባለ የብሮድዌይ ቴአትር ውስጥ ነው የወጣው። የመድረኩን አዝማች ስትቆጥሩ 34 ባር ታገኛላችሁ፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ባር ጭማሪ አለው። ጃዞቹ ሁለቷን ቆርጠው 32 አደረጉት፣ በዚያ ኮርድ ላይም ስፍር ቁጥር የሌለው አዲስ ዜማ ሠሩ። የጃዝ ባንድ መሪው የዱክ ኤሊንግተን የ1940ው ‹ኮተን ቴል› አንዱ ነው። ዜማው ፈጽሞ ሌላ ነው። የገርሽዊንን ዘፈን ከላዩ ላይ ብታንጎራጉሩት ግን ልክክ ይላል። እኔ ይህን የሞከርኩ ቀን ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ፤ ከደስታ።

ሁለተኛው ከ‹ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ› የተወሰደው ‹ማይ ፌቨሪት ቲንግስ› ነው። ቴአትሩ ብሮድዌይ ላይ በ1959 ተከፈተ። የጃዝ ሙዚቀኛው ጆን ኮልትሬን ዘፈኑን በ1960 በሶፕራኖ ሳክስፎን ቀረጸው። ከ13 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። እዚህ ላይ የ32 ባር ቆጠራ አይሠራም። ኮልትሬን ዜማውን ይጫወትና ሁለት ኮርድ ላይ ተቀምጦ የፈለገውን ያህል ይቆያል። ሶሎው የሚያልቀው ሰውየው ሲበቃው ነው። የዘፈኑን የመጨረሻ ክፍል ደግሞ እስከ ማብቂያው አያመጣውም። በመድረኩ ላይ ያ ክፍል የማጽናኛው ቦታ ነው፤ ፍርሃቱ የሚለቅበት። ቴአትሩን የሚያውቅ ሰው ያን ሁሉ ደቂቃ ሲጠብቀው ይቆያል። እንግዲህ የቴአትር ወዳጅ መሆን ለጃዝ እንዴት እንደሚጠቅም ያየሁት እዚህ ነው። ቃል ባይዘፈንም፣ ግጥሙን የያዘ ጆሮ ታሪኩን ይከተላል። የጓደኞቼ ጭንቀት እኔን የለቀቀኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሶንድሃይም ስመጣ ግን ነገሩ ጠበቅ አለ። የእሱ አጃቢ ሙዚቃ ለመደገፊያ ብቻ የተቀመጠ ኮርድ አይደለም። የፒያኖው እንቅስቃሴ ራሱ ተጽፏል፤ ገጸ ባሕርይው አፉ የማይለውን ሐሳብ የሚናገረው እሱ ነው። የጃዝ ባንድ ያንን አንስቶ የራሱን ሲያስገባ፣ ምን እንደተነሳና በምትኩ ምን እንደገባ ለማወቅ የመጀመሪያውን በደንብ መያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ልምምዱን አጥብቄ የያዝኩት።

ጥሩ መሸጋገሪያ ያገኘሁት የ1971ዱ ‹ፎሊስ› ውስጥ ነው። ሶንድሃይም እዚያ ሆን ብሎ የቀደሙትን የዘፈን ደራሲዎች ስልት እያነሳ ጽፏል። ‹ሉዚንግ ማይ ማይንድ› የገርሽዊንን ‹ዘ ማን አይ ላቭ› እያሰበ የሠራው ነው። ስለዚህ ጃዝ ያደገበትን የዘፈን ዓይነት በሶንድሃይም እጅ እንሰማዋለን ማለት ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በዚህ ግቡ። እንደ ‹ስዊኒ ቶድ› ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ሥራ ለኋላ አቆዩት።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ‹ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ› ነው። በ1973 ለ‹ኤ ሊትል ናይት ሚውዚክ› ሲጻፍ፣ የዘፈነችው ግሊኒስ ጆንስ ረጅም ድምፅ የመያዝ አቅም አልነበራትም። ሶንድሃይም ሐረጎቹን አሳጠረላት። የዘፈኑ እስትንፋስ የተቆራረጠው በዚህ ነው፤ ሕመሙም ያለው እዚያው ላይ ነው። ምቱ በሦስት በሦስት ይሄዳል። ቺክቺካ ሲመታ ላደገ ሰው ሦስት ሦስቱ አይከብድም፤ እግር ራሱ ያገኘዋል። የሚያስቸግረው የባሩ ርዝመት መለዋወጡ ነው። አንዴ አራት ሦስቶች፣ አንዴ ሦስት ሦስቶች ይሆናል። በኖታ 12/8 እና 9/8 ይሉታል። አሁን የሚቀያየርባቸውን ቦታዎች በአብዛኛው እይዛቸዋለሁ። የጃዝ ድምፃዊቷ ሳራ ቮን በ1981 ከካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ጋር የዘፈነችውን ፈልጋችሁ ስሙ። ግሊኒስ ጆንስ የምትቆርጠውን ቃል እሷ ትዘረጋዋለች። ያው ግጥም ሌላ ሴት ይሆናል። እኔ አሁንም የመጀመሪያዋን እመርጣለሁ፤ የሳራ ድምፅ ግን ዘፈኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ አሳይቶኛል።

የዘፋኞቹን ምርጫም በዚህ ጆሮ ሳየው ብልህነት ነው። በርናዴት ፒተርስ በ1984 ‹ሰንዴይ ኢን ዘ ፓርክ ዊዝ ጆርጅ›ን፣ በ1987 ‹ኢንቱ ዘ ዉድስ›ን ከመነሻቸው የተጫወተች ናት። በ2011 ‹ፎሊስ› ብሮድዌይ ሲመለስም ‹ሉዚንግ ማይ ማይንድ›ን ዘፍናለች። ግጥሙን የምትጠብቅልን እሷ ናት። ኖርም ልዊስ በ2012 ብሮድዌይ ላይ የገርሽዊን ‹ፖርጊ ኤንድ ቤስ› ውስጥ ፖርጊን ሆኖ ታይቷል። ሲሪል ኤሜ ደግሞ ከጃዙ ወገን ናት፤ በ2012 በሳራ ቮን ስም የተሰየመውን የጃዝ ድምፃውያን ውድድር አሸንፋለች። የቴአትር ዘፋኝ ቃሉን ይዞ ዜማውን ያገለግላል። የጃዝ ዘፋኝ ከምቱ ዘግየት ወይም ቀደም እያለች ቃሉን ታንሸራትተዋለች። ሁለቱ አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚፈጠረውን ለመስማት ነው የምቸኩለው። ከኦርኬስትራው 15 ሙዚቀኞች ፊት ሲሆን ደግሞ አስቡት!

አሁን ያለሁት የሶንድሃይም የ1970ው ‹ካምፓኒ› ላይ ነው። ከእሱ ‹ቢንግ አላይቭ› የሚለውን ዘፈን በቃሌ እየያዝኩ ነው። ቀጥሎ ከ‹ሰንዴይ ኢን ዘ ፓርክ ዊዝ ጆርጅ› ‹ሰንዴይ› የሚለውን ዘፈን እወስዳለሁ። ከኮንሰርቱ በፊት ሁሉንም ልጨርስ አልችልም፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አጥብቄ እይዛለሁ።

አብራችሁኝ መለማመድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ‹ዘ ማን አይ ላቭ›ን እና ‹ሉዚንግ ማይ ማይንድ›ን አከታትላችሁ ስሙ። መጀመሪያ ሳትቆጥሩ፣ ቀጥሎ እየቆጠራችሁ። ከዚያ የት የት ላይ እንደሚመሳሰሉ ጻፉልኝ። እኔ ያገኘሁትን የእናንተን ካየሁ በኋላ እነግራችኋለሁ።